ለእድሩ ፒክአፕ የተበረከተ ጎማ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ለቁርስ እንቁላል እየጠበስኩ ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ። የሰፈራችን እድር የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ከፍቼ ሳየው አንድ ፎቶ ተለጥፎበታል፤ አራት ጎማዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ወፋፍራም፣ ጥርሳቸው ገና ያልተነካ፣ ጎናቸው ላይ ነጭ ፊደል የተጻፈባቸው ናቸው። ከሥሩ "ለእድራችን ፒክአፕ ከአንድ ወንድማችን የተበረከተ" ይላል። ከዚያ ወዲያ ምርቃቱ ይዘንባል፤ "ተባረክ"፣ "ክፉ አይንካህ"፣ የሚያጨበጭቡ እጆች፣ እንደገና "ተባረክ"። ጣቴን እያንሸራተትኩ ስወርድ የእድሩ ዳኛ ጋሼ ታምራት ከጻፉት ላይ ደረስኩ። "ስጦታው ይባረክ። ግን ከመገጠሙ በፊት የበቀለ ልጅ ትየው።"

የበቀለ ልጅ እኔ ነኝ። እንቁላሉ አረረ።

ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ። በየቀኑ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ሒሳብ አስተምራለሁ። እንዲያም ሆኖ ብዙ ሰው ባለበት ስሜ ሲጠራ፣ በስልክ ውስጥም ቢሆን፣ ጆሮዬ ይግላል፣ መዳፌን ያልበኛል። ምድጃውን አጥፍቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ፎቶውን እያሰፋሁ የጎማውን ቁጥር ለማንበብ ስሞክር የዚያ ክረምት ጭቃ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ደረሰ።

ያን ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ ሥራ እየጠበቅኩ፣ ወሰን ሰፈር ያለው ቤታችን ተቀምጬ ነበር። አባቴ የእድሩ ሾፌር ነበር። እድሩ ቀለሙ ድሮ ሰማያዊ የነበረ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ነበረው፤ ከኋላው ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ይጎትታል። ተሳቢው ላይ ድንኳኑ፣ የድንኳኑ ብረቶች፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ድስቶች ይጫናሉ። ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድሞ መድረስ ያለበት ይህ ተሳቢ ነው። ድንኳን ሳይተከል ለቀስተኛ ከመጣ ሐዘንተኛው እንግዳውን የት ያስቀምጠዋል? በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነውር ለዓመታት ይወራል። አባቴ ይህን ስለሚያውቅ የእድሩ ጡሩንባ በተሰማ ቁጥር የጫማውን ክር ሳያስር ነበር የሚወጣው።

ረዳቱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ለጊዜው እኔ ተተካሁ። የረዳት ሥራ ከባድ አይደለም፤ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ማስደገፍ ነው። ታኮ ማድረግ ይሉታል። የሰፈር ሴቶች "ይህን ያህል ዘመን የተማርሽው ለታኮ ነው?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ግን ሥራውን ወድጄው ነበር፤ ታኮ የሚያደርግ ሰው እንዲናገር የሚጠይቀው የለም። መናገር ያኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ነገር ነበር። ከመገናኛ በታክሲ ስመለስ "ወራጅ አለ" ማለት እያቃተኝ፣ ሌላ ሰው እስኪያስቆም ጠብቄ ከሰፈራችን አልፌ ካራ ድረስ ሄጄ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን አለ። ቤት ስገባ አባቴ ጫማዬን አይቶ "ዛሬም አለፈሽ?" አለኝ። ይህን ፍርሃት ከማን እንደወረስኩት ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚያ ሰኔ የፒክአፑ ጎማዎች ማለቃቸው ታወቀ። ጥርስ የሚባል አልቀረባቸውም፤ በአንዱ ጎን ሽቦው ብቅ ብሏል። ታዲያ የትኛው ጎማ ይገዛ የሚለው ሲነሳ በሰፈራችን ጎማ የማያውቅ ሰው እንደሌለ ተረዳሁ። አንዱ "ሰፊ ይሁን፣ ጭቃ ይጨብጣል" ይላል። ሌላው "ከፍ ይበል፣ ድንጋይ ይሻገራል" ይላል። ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር እንዲስተካከል የምፈልግ ሰው ስለሆንኩ ወሬውን ትቼ መኪናውን ጠየቅሁት። የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ፀሐይ ያገረጣት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። በእርጥብ ጨርቅ ስጠርጋት ቁጥሩ ታየኝ፤ ሁለት መቶ አምስት፣ ከዚያ አሥራ ስድስት፣ መጨረሻው ላይ ሲ የምትል ፊደል። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ፣ ፊደሏ ደግሞ ጎማው ለጭነት የተሠራ ነው ማለቷ ነው። አባቴ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። "ለሚጎትት መኪና ይኸው ነው ልኩ። ጠባብ ይምሰል እንጂ ጭቃውን ቆርጦ ደረቁን መሬት ያገኘዋል" አለ።

በዚሁ ተስማምተን ሳለን ስጦታው መጣ።

ጋሼ ታምራት ያኔ ዳኛ አልነበሩም፤ ወሰን መንገድ ዳር የመኪና ጌጣጌጥ የሚሸጡ፣ እጃቸው የተፈታ፣ ሲስቁ ከሩቅ የሚሰሙ የእድሩ አባል ነበሩ። ከአንድ አዲስ ትልቅ መኪና የወለቁ አራት ጎማዎች አምጥተው ግቢው ውስጥ አንከባለሏቸው። ስፋታቸው ሁለት መቶ ስልሳ አምስት ነው። የቸርኬው ልክ አንድ ስለሆነ ይገባሉ፤ ጎሚስታው እየታገለ አስገባቸው። ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየና "እህቴ፣ አሁን መኪና መሰለ ወይስ አልመሰለም?" አለኝ። መስሎ ነበር። ያ ጎባጣ ፒክአፕ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

እኔ ግን ተሳቢው ሲታሰር ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፒክአፑ ከፍ ስላለ መንጠቆውም ከፍ ብሏል፤ የተሳቢው ጎማዎች ደግሞ የድሮዎቹ ናቸው። ስለዚህ የተሳቢው አፍንጫ ወደ ላይ ተሰቅሎ ጅራቱ ወደ መሬት ዘንበል አለ። ሲባጎ ወስጄ የአሮጌውንና የአዲሱን ጎማ ዙሪያ ለካሁ፤ አዲሱ አንድ ጊዜ ሲዞር ከአሮጌው ብዙ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ጥሩ ነው። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ የማይችለውን እርምጃ እንዲራመድ ይገደዳል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያው ደካማ ፍሬን ትልቁን ጎማ መያዝ አለበት። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ይልሳል።

ማታ እራት ላይ፣ ጎመኑን በእንጀራ እየጠቀለልኩ፣ ዓይኔን ከትሪው ሳላነሳ "አባዬ፣ ጎማው ትልቅ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ።

"ታውቃለህ?"

"መሪው ላይ ይሰማኛል። ተሳቢው ከኋላ እንደ ውሻ ጅራት ይወዛወዛል።"

"ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?"

ጉርሻውን አኘከ፣ ውሃ ጠጣ። "ሰውየው ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ ነው የሰጠው። ምን ብዬ? ስጦታህ አይሆንም ልበለው?" ቀጥሎም "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አንቺ ብትናገሪ ይሻላል" አለ። በትሪው ላይ ተያየን። ከሁለታችን የትኛችን የባሰ ፈሪ እንደሆንን ለማወቅ ሚዛን ያስፈልግ ነበር።

በእድራችን ስጦታ በስብሰባ ፊት ተነግሮ ይመረቃል፤ ከተመረቀ በኋላ መመለስ የሰጪውን ፊት መምታት ነው። እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ፤ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዞራል። ንግግሬን ሌሊቱን ሙሉ ስሸመድደው አድሬያለሁ። ዳኛው "የሚናገር አለ?" ሲሉ እጄን እስከ ትከሻዬ አነሳሁ።

"እሰይ!" አሉ ዳኛው። "ልጃችን ምስጋና ልታቀርብ ነው። አጨብጭቡላት!"

ተጨበጨበ። ጋሼ ታምራት ዞር ብለው በፈገግታ አዩኝ። የሸመደድኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። "እግዚአብሔር ይስጥልን ጋሼ" ብዬ ተቀመጥኩ። አባቴ ጫማውን ያይ ነበር። ምርቃቱ ሲያልቅ የአዳራሹ ጣሪያ ላይ ዝናብ ወረደ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡሩንባ በተነፋ ቁጥር ለቅሶው ሜዳ ላይ ነው ወይስ ዳገት ላይ እያልኩ ለማወቅ እቸኩል ጀመር። በሜዳ ለሚሆን ለቅሶ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር። ሰው መቼና የት ይሙት ብሎ እንደ ማሰብ ያለ አስቀያሚ ጭንቀት የለም።

ነሐሴ ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ጡሩንባው ጮኸ። ለፋፊው "የታምራት እናት አርፈዋል!" እያለ አለፈ።

የጋሼ ታምራት እናት ከካራ በላይ፣ የእንጦጦ ተራራ ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ በሚወርድበት ጎን፣ ከባሕር ዛፉ መሃል ነበር የሚኖሩት። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው በኮብልስቶን ነው፤ ከዚያ ቀይ ጭቃ ይሆናል፣ በስተግራው ውሃ የበላው ገደል አለ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። አባቴን ቦት ጫማውን ሲያጠልቅ "አሮጌዎቹን ጎማዎች እንመልስ ይሆን?" ብዬ ስጠይቀው ቀና ብሎ አየኝ። "ሽቦ ባወጣ ጎማ ጭቃ ይወጣል? ደግሞስ ዛሬ? በእናቱ ቀን ስጦታውን ልፍታበት?" ሁለቱም፣ ጭቃውም የሰውየው ቅሬታም፣ ያስፈሩን ነበር።

ግቢው ውስጥ ጎረምሶቹ ሲጭኑ "ብረቱና ድስቱ ወደ ፊት ይሁን፣ ወደ መኪናው" አልኩ በቀስታ። አንዱ "ኢንጂነር አዘዘች!" ብሎ ሳቀ፤ ግማሹን ወደ ፊት፣ ግማሹን እንዳመጣላቸው ጫኑት። ደግሜ ለመናገር ሳልደፍር ጋቢና ገባሁ።

አስፋልቱን ይዘን ሄድን። መንገድ ዳር በለስ የሚሸጡ ሴቶች ፍሬውን በውሃ እያጠቡ ይደረድራሉ፤ የበቆሎ እሸት የሚጠብሱት እሳት እየለኮሱ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን አባቴ ቆም ብሎ ይገዛልኝ ነበር። ከኋላችን ተሳቢው ግራ ቀኝ ሲል ወንበሬ ላይ ይሰማኛል፤ አባቴ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ይዟል። ካራ ስንደርስ ወደ ላይ ታጠፍን።

ኮብልስቶኑን እንደምንም ጨረስነው። ጭቃው ላይ አንደኛ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ አቃሰተ። ከኋላ የእንጨት መንሸራተት ድምፅ ሰማሁ፤ አግዳሚዎቹ ወደ ጅራቱ ሸሹ። ወዲያው የፒክአፑ የኋላ ክፍል ቀለል ሲል ተሰማኝ፤ ተሳቢው መንጠቆውን ወደ ላይ እያነሳው ነበር። ያ ሰፊ፣ ያማረ ጎማ ጭቃው ላይ ባዶውን ተሽከረከረ፤ ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ጀመርን።

"ታኮ! ሰኒ፣ ታኮ!" ብሎ አባቴ ጮኸብኝ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ተሳቢው ወደ ገደሉ መታጠፍ ጀምሯል። ያገኘሁትን ድንጋይ በሁለት እጄ አቅፌ ጎማው ሥር ወረወርኩ፤ ጎማው ድንጋዩን ትንሽ ገፋው፣ ቆመ። ሁለተኛ ድንጋይ፣ ሦስተኛ። ቀና ስል አባቴ በመስኮቱ ያየኛል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። "እግሬን ከፍሬኑ ካነሳሁ የምንሄድ ይመስለኛል" አለ በደረቀ ድምፅ። "ጭነቱ ካልቀለለ አንላወስም።"

ጭነቱን ማን ያውርድ? ጎረምሶቹ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ቀድመው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ቁልቁል ስመለከት ለቀስተኛው ሲመጣ አየሁ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ካፖርት የለበሱ ወንዶች፣ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌዎች፣ መንገዱን ሞልተው ወደ እኛ ይወጣሉ። ድንኳኑ የሚያስፈልገው ለእነርሱ ነው፤ ድንኳኑ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ፣ በአባቴ አንድ እግር ተይዟል።

ፊት ፊት የሚመጡት ጎረቤታችን እማማ የሺ ነበሩ። "ምን ሆናችሁ?" አሉ።

"መኪናው... አይወጣም" አልኩ።

"ኧ? ጮክ በይ፣ ጆሮዬ ደክሟል።"

"መኪናው አይወጣም እማማ። አግዳሚውን... ብታግዙን..."

"ምን አለች?" አሉ ከኋላቸው ላለችው ሴት። ሴትየዋም አልሰማችም። ሰው እየተጠጋ፣ እየከበበ ነው። በዚህ መሃል ከኋላዬ ድንጋዩ ሲንሸራተት የጭቃው ድምፅ ተሰማኝ።

"አግዳሚ ተሸክማችሁ ውጡ!" ብዬ ጮኽኩ። "አባቴ ፍሬን ላይ ነው! እያንዳንዳችሁ ያዙ!"

ጸጥ አለ። ልመና ሊሆን የተነሳው ትእዛዝ ሆኖ ወጣ። እማማ የሺ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ለካስ ድምፅ አላት!" አሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ ሰውዬ "እኔ ለለቅሶ መጣሁ እንጂ ለቀን ሥራ መጣሁ እንዴ?" ብሎ አጉረመረመ።

"አንተማ ንፍሮው ላይ ማንም አይቀድምህም" አሉት እማማ የሺ። "ያዝ በዚያ በኩል!"

መጀመሪያ አንድ አግዳሚ ወረደ፣ ከዚያ ሌላ። ሁለት ሁለት እየሆኑ በትከሻቸው ተሸከሙት። ሽማግሌዎቹ ድስቱን በጆሮው ያዙ፤ ወንዶቹ ድንኳኑንና ብረቱን ተቀባበሉት። በባሕር ዛፉ መሃል፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ ነጭ የለበሰ ሰው ረጅም ሰልፍ ወንበር ተሸክሞ ተራራውን ወጣ። እማማ የሺ የያዙትን የለቅሶው ቤት ደጅ ላይ አስቀምጠው ተመልሰው ወረዱ፤ ያ ሰውዬም ተከትሏቸው ወረደ፤ ሌላም ሌላም። ተሳቢው ባዶ ሲሆን አባቴ እግሩን ከፍሬኑ አነሳ። ሞተሩን አስነስቶም ባዶውን ተሳቢ ቀስ እያለ እስከ ግቢው ደጅ ጎተተው።

ጋሼ ታምራት ከግቢያቸው ሲወጡ ሰልፉን አዩ። ማንም ምንም ሳይላቸው ደረታቸውን ይዘው ቆሙ። "ለእናቴ?" አሉ። "ለእናቴ ብላችሁ ይህን ሁሉ?" አለቀሱ፤ ያየውም ሁሉ አለቀሰ። የዚያን ቀን እውነቱን የሚነግራቸው አልነበረም፤ መናገሩም የሚገባ አልነበረም። ድንኳኑ ቀባሪው ከቀብር ሳይመለስ ተተከለ። እኔ ንፍሮ በእፍኜ ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፤ አባቴ ያን ቁልቁለት እንዴት መልሶ እንደሚወርድ እያሰብኩ ነበር። ባዶውን ተሳቢ እየጎተተ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ከእኔ እርምጃ ቀስ ብሎ ወረደ፤ እኔም ድንጋይ ታቅፌ እስከ ታች ድረስ ከጎኑ በእግሬ ሄድኩ።

የእናታቸው አርባ ካለፈ በኋላ ጋሼ ታምራት ወደ እድሩ ግቢ መጡ። ጎማዎቹን ሲዞሩ ቆዩና ፓራፋንጎው የላጠውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። "ሰናይት፣ ነይ እስቲ" አሉኝ። "ያን ቀን መኪናው ለምን ቆመ?"

አባቴን አየሁት። ጫማውን ያያል።

"ጎማው ትልቅ ስለሆነ ነው ጋሼ።"

"የእኔ ጎማ?"

"አዎ።" ሲባጎዬን ከኪሴ አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ለእርሳቸው ሰጠሁና ከመንጠቆው እስከ ተሳቢው ጅራት ወጥረን ያዝነው፤ መዝመሙ ለማንም ይታያል። ጎንበስ ብለው ተመለከቱት።

"ከመቼ ጀምሮ ታውቃላችሁ?"

"ከተገጠመ ቀን ጀምሮ።"

"ስብሰባ ላይ ተነስተሽ መረቅሽኝ እኮ!"

"የተነሳሁት ሌላ ልናገር ነበር።"

የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም። ሲባጎውን እንደያዙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንግዲያውስ ያ ሁሉ ሰው ወንበር የተሸከመው ለእናቴ ክብር አይደለማ" አሉ።

በሕይወቴ መልስ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መዋሸት ይቀል ነበር። "መጀመሪያ የተሸከሙት መኪናው ስለቆመ ነው" አልኳቸው። "እማማ የሺ ሁለተኛ ተመልሰው ሲወርዱ ግን ማንም አላዘዛቸውም። እኔ የጮኽኩት አንዴ ብቻ ነው።"

ከዚያ ሲባጎውን እየጠቀለሉ ወደ እኔ መጡና እጄ ላይ አስቀመጡት። "ፍቱት" አሉ አባቴን። "ልኩ የትኛው ነው? እኔው እለውጠዋለሁ። እሷ ትምጣና ትምረጥ።" በሚቀጥለው ቀን ወሰን ካሉት የጎማ ሱቆች ሁሉ ገብተን ሲ የምትለዋን ፊደል ስንፈልግ ዋልን። የተገጠሙት ጠባብ፣ ቀጫጭን ጎማዎች ነበሩ፤ መኪናው እንደገና ጎበጠ። ያየ ሁሉ ቀለደበት፤ ግን እስከ ዛሬ ዳገት ላይ አልቆመም።

እነሆ አሁን ደግሞ አራት ያማሩ ጎማዎች ግድግዳ ተደግፈው ያዩኛል። ፎቶውን አሰፋሁት፤ ሁለት መቶ ስልሳ አምስት። ረጅም መልእክት ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። አጭር ጻፍኩ፣ በጽሑፍ ሲነበብ ወቀሳ መስሎ ታየኝ፣ እሱንም አጠፋሁት። የሰጪውን ሰው ልብ አሰብኩ፤ እናቱ በሕይወት ይኖሩ ይሆን ብዬ አሰብኩ። መጨረሻ ላይ የድምፁን ምልክት ተጭኜ ተናገርኩ። "እንደምን አደራችሁ። ወንድማችን፣ ስጦታህ ያምራል፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ለእኛ መኪና ግን ይተልቃል፤ ዳገት ላይ ያቆመዋል። መጥቼ ላሳያችሁ።"

ላኩት። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ምርቃቱ ቀጥ አለ። ያ ጸጥታ ያኔ ተራራው ላይ የነበረው ነው፤ ዕድሜም ትምህርትም አላሳጠረውም። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። አባቴ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግሩፑን ከጠዋት እስከ ማታ ይከታተላል።

"ሰማሁት" አለኝ።

"ድምፄ ተንቀጠቀጠ አይደል?"

"እኔ አልሰማሁም" አለ። "ሲባጎው የት ነው ያለው? እኔም ልምጣ፣ አንዱን ጫፍ እይዝልሻለሁ።"